የሳፋሪ ሎጅ አመራረጥ፦ በፓርኩ ውስጥ፣ ከበሩ ውጭ ወይስ በጥብቅ ስፍራ?

የሳፋሪ ሎጆች ማስታወቂያ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሰፊ አልጋ፣ ነጭ አጎበር፣ በረንዳው ላይ ቡና የያዘ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ዝሆን። ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ሳምንት በሁለት ጎረቤት ሎጆች ያረፉ ሁለት ቤተሰቦች ያዩት የዱር እንስሳ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሎጁ የቆመበት መሬት ሕግ ነው። ጠዋት በስንት ሰዓት መውጣት ይቻላል? ማታ እስከ ስንት ሰዓት የግድ መመለስ ያስፈልጋል? መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ወደ ሣሩ መግባት ይፈቀድለታል? ከመሸ በኋላስ መዞር? በእግር መሄድስ? ለእንስሳቱ ብለው የሚጓዙ ከሆነ ከአልጋውና ከመዋኛ ገንዳው በፊት ይህንን ይጠይቁ።

ምክንያቱ የእንስሳቱ ጠባይ ነው። አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት የሚሆነውን ተጋድሞ ሊያሳልፈው ይችላል። ነብር ቀኑን በዛፍ ላይ ወይም በጥሻ ውስጥ ይውላል። ጉማሬ ለግጦሽ ከውሃ የሚወጣው ሲጨልም ነው። በቀን ብርሃን ማደን የሚወዱት አቦሸማኔና ተኩላ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚበረቱት ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ የጉዞው ዋና ሀብት ነው። ሎጅ ማወዳደር ማለት በእኔ እምነት ከእነዚህ ሰዓታት ምን ያህሉን እንደሚሰጥ ማወዳደር ነው።

ከበሩ ውጭ ማደር

ርካሹ ምርጫ ይህ ነው። በኬንያ ማሳይ ማራ፣ ሴኬናኒ በሚባለው በር ዙሪያ ብዙ የድንኳን ካምፖች አሉ፤ ዋጋቸው ከውስጦቹ በእጅጉ ይቀንሳል። ችግሩ ጠዋት ይጀምራል። በሩ የሚከፈተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰልፍ አለ፣ ትኬት ማሳየት አለ፣ ምዝገባ አለ። ከዚያ እንስሳቱ ያሉበት ሜዳ እስኪደረስ ፀሐይ ከፍ ትላለች። የመግቢያ ክፍያው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አንድ የውጭ አገር ጎልማሳ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ለአንድ ቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ከበሩ ርቆ ያደረ ሰው በዚሁ ገንዘብ ያጠረ ማለዳ ነው የሚገዛው።

የደቡብ አፍሪካው ክሩገር ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት የፓርኩ የውጭ በሮች የሚከፈቱት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ በፓርኩ ውስጥ ያሉት ማረፊያዎች ግን እንግዶቻቸውን ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያስወጣሉ። ውስጥ ያደረ ሰው አንድ ሙሉ ሰዓት ይቀድማል፤ ያውም አንበሶች ከሌሊት ጉዟቸው ሲመለሱ አስፋልቱ ላይ የሚተኙበትን ሰዓት።

ይህ ሲባል ግን ከበሩ ውጭ ያለ ሎጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከበሩ በደቂቃዎች ርቀት ላይ የሚገኝ፣ ሾፌሩ በሩ ከመከፈቱ በፊት ቀድሞ የሚሰለፍ፣ ቁርስ በሣጥን አስይዞ የሚልክ ካምፕ ገንዘቡ ለተመጠነ ተጓዥ ደህና አማራጭ ነው። ቁርስ ከ1 ሰዓት በፊት አናቀርብም ያለዎትን ግን ይለፉት።

በፓርኩ ውስጥ ማደር

የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። እንዲህ ባለ ቦታ መሀል ላይ፣ ለምሳሌ በሴሮኔራ ሸለቆ አካባቢ ማደር፣ ድንኳኑን ከፍቶ ሲወጡ እንስሳው እዚያው አለ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲጮህ፣ አንበሳ ሲያገሳ ይሰማል። ለብዙ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ነው፤ እኔም አልከራከርም።

ሆኖም የብሔራዊ ፓርክ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ጥብቅ መሆኑም ተገቢ ነው። በአብዛኛው የሴሬንጌቲ ክፍል ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው፤ የሌሊት ቅኝትም የለም። ከመንገዱ ራቅ ያለ ዛፍ ላይ የወጣ ነብር በባይኖኩላር ካልሆነ አይታይም። ፓርኩ የሕዝብ ስለሆነም የመኪና ቁጥር ገደብ ያንሰዋል፤ አንድ ነብር በሬዲዮ ከተወራ ደርዘን መኪና ሊከበው ይችላል።

እዚያው ታንዛኒያ ያለው ንጎሮንጎሮ ለብቻው መታየት አለበት። የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ወደ 600 ሜትር ይጠልቃል፤ ወለሉ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታች ግን ምንም ሎጅ የለም። ምርጫው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ማደርና ካራቱ ከተማ ማደር ነው። ካራቱ ይረክሳል፣ ይሞቃልም። አፋፉ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጋር ለመውረድ ያስችላል። ጥቁር አውራሪስ ማየት የሚፈልግ ሰው አፋፉን ይምረጥ፤ ወፍራም ሹራብም ይያዝ።

ጥብቅ ስፍራዎቹ

ከማሳይ ማራ በስተሰሜን ናቦይሾ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊ፣ ማራ ኖርዝ የሚባሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራዎች አሉ። መሬቱ የማሳይ ቤተሰቦች ነው። ቤተሰቦቹ መሬታቸውን በጋራ ለካምፖቹ ያከራያሉ፤ ኪራዩም ቱሪስት በዛም አነሰም ይከፈላቸዋል። ከብቶቻቸው በተራ በተመደበ ቦታ ይግጣሉ። በምላሹ የድንኳን ቁጥር ይገደባል፤ በኦላሬ ሞቶሮጊ ለአንድ ድንኳን የተመደበው መሬት 700 ኤከር፣ ማለትም ከ280 ሄክታር በላይ ነው። አንድ እንስሳ ዘንድ በአንድ ጊዜ የሚቆሙት መኪኖችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከመንገድ መውጣት፣ ሌሊት መዞር፣ ከማሳይ አስጎብኚ ጋር በእግር መሄድ ይፈቀዳል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ነብር ያሳየናል። ቀኑን ሙሉ አራት እግሮቹን በቅርንጫፍ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ይተኛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጅራቱ ይነቃነቃል። ያዛጋል። ይነሳና ጀርባውን አጉብጦ ይንጠራራል፤ ዓይኑን ሣሩ ውስጥ ወዳለ ነገር ይተክላል። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ቅርፊቱን በጥፍሩ እየቧጠጠ፣ ግንዱን ተንሸራቶ ይወርዳል። በሕዝብ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሾፌር በዚህች ቅጽበት ሰዓቱን አይቶ ሞተሩን ያስነሳል፤ ጊዜው አልቋል፣ መመለስ አለበት። በጥብቅ ስፍራው ያለው ሾፌር ግን ይቆያል። ነብሩ ሥራውን የሚጀምረው ገና አሁን ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በጥብቅ ስፍራ ያደረ እንግዳ የመግቢያውን ከፍሎ ወደ ዋናው ማራ መግባት ይችላል። በዋናው ማራ ያደረ እንግዳ ግን ወደ ጥብቅ ስፍራው አይገባም። ስለዚህ ገንዘቡ ከተገኘ ጥብቅ ስፍራው ሁለቱንም ያስገኛል።

በደቡብ አፍሪካ የዚህ ተመሳሳይ ሳቢ ሳንድ የተባለው የግል ጥብቅ ስፍራ ነው። ከክሩገር በስተምዕራብ ይገኛል፤ በመካከላቸው የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለተነሳ እንስሳው እንደ ልቡ ይመላለሳል። በብዙዎቹ ሎጆች መኪናው አፍንጫ ላይ በተተከለች ወንበር ዱካ አንባቢ ይቀመጣል፤ አሸዋ ላይ ያለችን የመዳፍ ምልክት አይቶ «ከአንድ ሰዓት በፊት አለፈች፣ ግልገል አብሯት አለ» የሚል ሰው ነው። ነብሮቹ ለበርካታ አሥርት ዓመታት መኪና ስለለመዱ አይሸሹም። ነብርን በቅርብ ለማየት ለሚመኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ እዚህ አንድ ሌሊት የሚከፈለው በክሩገር የመንግሥት ማረፊያዎች በርካታ ሌሊቶችን ያሳድራል።

ነፃነቱ ኃላፊነት አለበት። ከመንገድ የሚወጣ መኪና እርጥብ መሬት ያርሳል፤ ባትሪ ያበራ ሰው የአዳኙን እራት ሊያበላሽ ወይም ታዳኙን አሳውሮ ሊያስበላ ይችላል። ቀይ መብራት እንጠቀማለን፣ ከዝናብ በኋላ ከመንገድ አንወጣም፣ ግልገል ያላትን አቦሸማኔ አንከተልም የሚል ሎጅ ከሌላው ይሻላል። «የፈለጉትን ያህል እናስጠጋዎታለን» የሚለውን አልመክርም።

መሪውን በራስ መያዝ

ክሩገር ወደ ሁለት ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው፤ ማንኛውም ሰው በቤት መኪና ሊዞርበት ይችላል። በአስፋልት ከ50፣ በጠጠር መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም። ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። ስኩኩዛ፣ ሳታራ፣ ሎወር ሳቢ የሚባሉት ማረፊያዎች ሱቅና ነዳጅ አላቸው፤ ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ እጅግ ይመቻሉ።

የዚህ አማራጭ ውበት ማንም አለማስቸኮሉ ነው። አንድ የዝሆን መንጋ ወንዝ ዳር ሁለት ሰዓት ቢጫወት ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይቻላል። ድክመቱ የምልክቱ ቋንቋ ነው። ኢምፓላ የሚባሉት ድኩላ መሰል እንስሳት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰሙ፣ ጦጣ ከዛፍ ጫፍ ላይ ሳያቋርጥ ሲጮህ፣ ቀጭኔ ቅጠሉን ትቶ ሲተከል፣ አስጎብኚ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ያልለመደ ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማረፊያዎቹ ራሳቸው በፓርኩ አስጎብኚ የሚመራ የማለዳና የሌሊት ቅኝት ይሸጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱን ይግዙ። የግል መኪና በማይገባበት ሰዓት ያስገባል፣ ቀሪውን ጉዞም ያስተምራል።

እንስሳው ወደ እርስዎ የሚመጣባቸው

ወገብ የሚያማቸው፣ በጠጠር መንገድ መንገጫገጭ የማይችሉ፣ ወይም ቁጭ ብሎ መጠበቅ የሚወዱ ሰዎች ይህንን ክፍል ከሌላው አስበልጠው ያንብቡት። በናሚቢያው ኤቶሻ ፓርክ፣ ኦካውኩዌዮ በሚባለው ማረፊያ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚበራለት የውሃ ኩሬ አለ። ሰው ከዝቅተኛ ግንብ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በበጋው ጥቁር አውራሪስ ከጨለማው ይመጣል፤ ብርሃኑ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ጆሮዎቹን አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ እያዞረ ያዳምጣል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ካመነታ በኋላ ቀስ ብሎ አፉን ውሃው ላይ ያደርጋል። ሲጠጣ ይሰማል። ለዚህ ትዕይንት የተከፈለው የአንድ መደበኛ ክፍል ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ውሃ በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳው ይበተናል፤ ኩሬው ባዶውን ሊያድር ይችላል። የኤቶሻ ጥሩ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ነው።

በኬንያ አበርዴር ጫካም ይኸው ሐሳብ የቆየ ታሪክ አለው። ትሪቶፕስ የተባለው የዛፍ ላይ ቤት እ.ኤ.አ. በ1932 ተከፍቶ፣ በ1952 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚያ ባደረችበት ሌሊት አባቷ በመሞቱ ንግሥት የሆነችበት ቦታ ነው። እዚያው ጫካ ውስጥ ያለው ዘ አርክ ደግሞ እንስሳ ሲመጣ በየክፍሉ ደወል ይደውላል። ጫካ ስለሆነ የሚታየው ዝሆን፣ ጎሽና ድኩላ እንጂ አቦሸማኔ አይደለም።

በውሃና በእግር

የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ውሃው ከአንጎላ ደጋ ተነስቶ ወራት ተጉዞ ስለሚመጣ፣ ሙላቱ ከፍ የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ማለትም በዚያው አገር ዝናብ ባቆመበት ወቅት ነው። ካምፖቹም በሁለት ይከፈላሉ። የውሃ ካምፕ በሞኮሮ፣ ማለትም በረዥም ዘንግ በሚገፋ ታንኳ፣ በደንገልና በነጭ አበባ መካከል ያንሸራሽራል፤ ወፉ ተቆጥሮ አያልቅም፤ አንበሳ ግን ላይታይ ይችላል። የየብስ ካምፕ ደግሞ አንበሳና ተኩላ አለው፣ ታንኳ ላይኖረው ይችላል። ስሙ ኦካቫንጎ ስለሆነ ብቻ ሁለቱንም አገኛለሁ ብሎ ውድ ዋጋ መክፈል ያሳዝናል። በእያንዳንዱ ጥቂት ሌሊት ማደር ይሻላል። ቦትስዋና ጥቂት ጎብኚ በውድ ዋጋ የሚል ፖሊሲ ስላላት ቅናሽ እምብዛም አይገኝም። አቅም ለሚያጥረው ካሳኔ ከተማ አድሮ ከሰዓት በኋላ በቾቤ ወንዝ ላይ በጀልባ መውጣት አለ፤ ዝሆኖች ኩምቢያቸውን ከውሃው በላይ ይዘው ወደ ሴዱዱ ደሴት ሲዋኙ ከጀልባው ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል።

በእግር ለመሄድ ግን ዛምቢያን የሚያህል የለም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው ኖርማን ካር እ.ኤ.አ. በ1950 ከአለቃ ንሴፉ ጋር ተስማምቶ፣ ገቢው ለማኅበረሰቡ የሚውል የጎብኚዎች ካምፕ በሉዋንግዋ ሸለቆ ከፈተ፤ የእግር ሳፋሪም እዚያ አደገ። ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ ከፊት፣ አስጎብኚው ከኋላው፣ እንግዶች በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ። በእግር የሚታየው እንስሳ ከመኪና ያነሰና የራቀ ነው። በምትኩ የአዋልዲጌሳ ጉድጓድ፣ የጅብ ኩስ ከአጥንት የተነሳ መንጣቱ፣ ትኩስ የጎሽ ዱካ ሲገኝ የነፋሱን አቅጣጫ መፈተሽ አለ። ፎቶ ዋና ዓላማው የሆነ ሰው አይምረጠው። ደቡብ ሉዋንግዋ በተጨማሪ የሌሊት ቅኝት ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው፤ አውራሪስ ግን የለውም። ብዙዎቹ ካምፖች በዝናቡ ወራት ይዘጋሉ።

የእግር ጉዞን ነገር ካነሳን ባሌን መዝለል አይቻልም። ሳኔቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሆኖ ፍልፈልና አይጥ ሲያድን በቀን ብርሃን ይታያል፤ አይጦቹ ከብርዱ የተነሳ የሚወጡት ፀሐይ ስትሞቅ ስለሆነ እዚህ ማለዳ መሽቀዳደም አያስፈልግም። በዓለም የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ በመሆኑ ይህን እንስሳ ማየት ከአምስቱ ታላላቆች (አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ) በታች የሚቆጠር ነገር አይደለም።

ወቅቱና ተንቀሳቃሽ ካምፕ

የዊልደቢስትን፣ ማለትም በትልቅ መንጋ የሚጓዘውን ቀንዳም ሣር በል እንስሳ፣ ፍልሰት ለማየት የሚሄድ ሰው ከሎጁ ስም በፊት ወሩን ያስቀድም። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ መንጋው በደቡብ ሴሬንጌቲና በንዱቱ ሜዳ ይወልዳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሰሜን ሴሬንጌቲና በማራ ወንዝ ዙሪያ ይሆናል። በነሐሴ ወር ሴሮኔራ ያለን ቋሚ ሎጅ የያዘ ሰው ከወንዙ የሰዓታት መንገድ ይርቃል። መንጋውን ተከትለው ቦታ የሚቀይሩ የድንኳን ካምፖች ለዚህ ያመቻሉ፤ ሻወሩ በባልዲ ቢሆንም ቦታቸው ትክክል ነው። የወንዝ መሻገሩ ቀጠሮ የለውም፤ ሺዎች ዳር ድረስ መጥተው ቀኑን ሙሉ ቆመው ሊመለሱ ይችላሉ። ለመሻገሩ ሲሉ የሚሄዱ ከሆነ አንድ ሌሊት አይበቃም። እኔ የምመርጠው ግን የየካቲቱን ነው፤ ጥጃው ተወልዶ በደቂቃዎች ውስጥ ሲቆም፣ ጅቡም አቦሸማኔውም እዚያው ሲጠብቅ ማየት ይቻላል፣ ሕዝቡም ያንሳል።

አስጎብኚው

ጥሩ ቦታ በደካማ አስጎብኚ ይባክናል። ሎጁ ቋሚ አስጎብኚ አለው ወይስ ከከተማ የሚመጣው ሾፌር ራሱ ነው የሚያዞረው? አስጎብኚው እዚያው የሚኖር ከሆነ የትኛዋ አንበሳ የት እንደወለደች ያውቃል። የኬንያ የሙያ አስጎብኚዎች ማኅበር አባላቱን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ ስለሚፈትን ደረጃውን መጠየቅ ነውር አይደለም። በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚጫንም ይጠይቁ። ስድስት ሰው ሲሆን ሁሉም የዳር ወንበር ያገኛል፤ ዘጠኝ ሲሆን መሀል ላይ የሚቀመጥ አለ። ወፍ የሚወድ ሰው አንበሳ ብቻ ከሚፈልጉ እንግዶች ጋር ከተጫነ ሁለቱም ወገን ይከፋዋል፤ እንዲህ ላለው ሰው የተሻለ ክፍል ከመከራየት የግል መኪና መከራየት ይሻላል።

ልጅ ያለው ሰው የዕድሜ ገደቡን ያጣራ፤ በክሩገር የእግር ጉዞ ዝቅተኛው ዕድሜ 12 ነው። የወባ ስጋት ለሚያሳስበው ቤተሰብ በደቡብ አፍሪካ ማዲክዌ፣ ፒላንስበርግና አዶ ከወባ ነፃ ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ሻንጣ ብዙ ጊዜ 15 ኪሎ፣ ያውም ለስላሳ ቦርሳ ነው። ደቡብ አፍሪካና ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ።

ገንዘቡ ለሁሉም ሌሊት ጥብቅ ስፍራ ካልበቃ ሌሊቶቹን ይከፋፍሉ። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት በሕዝብ ፓርኩ ወይም በበሩ አጠገብ አድረው ሜዳውንና መንጋውን በቀን ይዩ፤ ቀሪዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደግሞ የማታውንና የእግሩን ለማየት በጥብቅ ስፍራው ያሳልፉ። በሦስት ፓርኮች አንድ አንድ ሌሊት ማደር ግን አይመከርም፤ ማለዳዎቹ በመንገድ ላይ ያልቃሉ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ጠዋት የሚወጡበትን ሰዓት፣ ማታ የሚመለሱበትን ሰዓት፣ የፓርክ መግቢያው በዋጋው ውስጥ መካተቱን፣ በመኪናው የሚጫነውን ሰው ብዛት በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ያድርጉ።